የረጠበ የጀልባ ወለል ሳይከፈት ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ የሚጠነክር ሙጫ) በመርፌ ቢሰጠው ይድናል ወይ?

አይድንም። በ1978 እ.ኤ.አ. የተሠራው ጀልባዎ ወለል በጀልባው ዙሪያ ያለው የመከላከያ አጥር ብረት በቆመበት እግር አካባቢ ሲረገጥ የሚሰምጥ ከሆነና፣ እንደጻፉት ትራፓኖው ጥቁርና ርጥብ ፍርፋሪ ካወጣ፣ በሁለቱ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ያለው ባልሳ እንጨት በስብሷል፤ ኢፖክሲም ውሃ በጠጣ እንጨት ውስጥ አይሰርጽም።

የግራይንደሩን ጥልቀት የታችኛውን ንጣፍ እንዳይነካ አድርገው የላይኛውን ብቻ ይቁረጡና፣ ሳይሰብሩ አንሥተው ያስቀምጡት። የበሰበሰውን ባልሳ ነጣ ያለና ደረቅ እንጨት እስኪያገኙ ድረስ በመሮ እየፈለፈሉ ያውጡ፤ ጉዳቱ ከውጭ ከሚታየው ብዙውን ጊዜ ይሰፋል። ውስጡ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው በአሴቶን ይጥረጉት። እኩል ውፍረት ያለውን አዲስ ባልሳ መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ ያጠጡት፣ ቀጥሎም ለኢፖክሲ ማወፈሪያ በተሠራ ዱቄት በወፈረ ኢፖክሲ ላይ አስቀምጠው ከባድ ነገር ይጫኑበት። የላይኛውን ንጣፍ በዚያው ኢፖክሲ መልሰው ከለጠፉ በኋላ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ከሁለቱም ወገን የንጣፉን ውፍረት 12 እጥፍ ያህል ስፋት ባለው ተዳፋት ሞርደው በአዲስ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይሸፍኑት፤ ንጣፉ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን የተዳፋቱ ስፋት 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሲሞርዱ የአቧራ ጭምብል አይለዩ።

የአጥሩ እግር የሚታሰርባቸውን የቡሎን ቀዳዳዎች ግን አደራ። እኔ ወለሉን አድሼ ቡሎኖቹን በማሸጊያ ማስቲሽ ብቻ በመመለሴ፣ በሁለተኛው ዓመት ያው ቦታ እንደገና ረጠበ። እያንዳንዱን ቀዳዳ አስፍተው ይብሱ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሉት፣ ሲደርቅም በመሀሉ ለቡሎኑ ልክ ይብሱ፤ ያኔ ማስቲሹ ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም።