የነርቭ ምርምር ውስጥ ለመግባት ሐኪም መሆን አለብኝ?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። የባዮሎጂ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ነው። የተጎዳ የእጅና የእግር ነርቭ መልሶ እንደሚያድግ ከተማርሽ ወዲህ ሐሳብሽ እዚያው ቀርቷል። "ሕክምና መማር ግድ ነው? ከግሮውዝ ፋክተሮችስ የትኛውን ልምረጥ?" ብለሻል።

ከሁለተኛው ልጀምር። ግሮውዝ ፋክተር ማለት ሴሎች እንዲያድጉና በሕይወት እንዲቆዩ የሚረዳ ፕሮቲን ነው። የፋክተር ስም ይዘሽ አትነሺ፤ መጀመሪያ ችግሩን እወቂው።

ነርቭ ሲቆረጥ ከቁርጡ ወዲያ ያለው የአክሶን (የነርቭ ሴሉ ረጅም ቃጫ) ክፍል ይፈርሳል። ይህን ኦገስተስ ዎለር በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ላይ አሳይቷል። አክሶኑን ጠቅልለውት የነበሩት የሽዋን ሴሎች ግን አብረው አይጠፉም። ሥራ ይቀይራሉ። ማይሊን (የአክሶኑን ሽፋን) መሥራት ትተው ፍርስራሹን ያጸዳሉ፤ ለእርዳታ ማክሮፌጆችን (ፍርስራሽ የሚበሉ የመከላከያ ሴሎችን) ይጠራሉ። ከዚያ ተሰልፈው አዲሱ አክሶን የሚከተለውን መስመር ይዘረጋሉ። ኤንጂኤፍ፣ ቢዲኤንኤፍና ጂዲኤንኤፍ የሚባሉትን ፋክተሮችም ያመነጫሉ። (እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ሥራ ልቀይር ወይስ አልቀይር እያለ ዓመት ያመነታል። እነሱ በቀናት ውስጥ ጀምረውታል።)

"ታዲያ ፋክተሩን በመርፌ ብንጨምርላቸውስ?" ማለትሽ አይቀርም። ተሞክሯል። በስኳር ሕመም ነርቫቸው ለተጎዳ ሰዎች ኤንጂኤፍ ተሰጥቶ፣ በትልቁ ሙከራ የተጠበቀው ውጤት አልመጣም። መርፌው የገባበት ቦታም ያማቸው ነበር። ጂዲኤንኤፍ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ሲበዛ፣ በእንስሳት ላይ እንደታየው፣ አክሶኖቹ እዚያው ተጠምጥመው ይቀራሉ። ወደ ጡንቻው መሄዱን ይተዉታል።

ትልቁ ጣጣ ግን ጊዜ ነው። በሰው ላይ አክሶን በቀን በግምት 1 ሚሊሜትር ያድጋል። ጉዳቱ ትከሻ አካባቢ ቢሆንና እጅ ጋ ለመድረስ 60 ሴንቲሜትር ቢቀረው፣ 600 ቀን ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። እስከዚያ የሽዋን ሴሎቹ ይዳከማሉ፤ ጡንቻውም ይሟሽሻል። ስለዚህ የሚያጓጉት ጥያቄዎች ያሉት እዚህ ጋ ነው፦ ሴሎቹን ረጅም ጊዜ በሥራ ላይ ማቆየት፣ ፋክተሩን በትክክለኛው ቦታ፣ ሰዓትና መጠን ማድረስ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ። ሐኪም መሆን ግድ አይደለም። በ1986 ለግሮውዝ ፋክተሮች ግኝት የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ሕክምና የተማሩ ነበሩ፤ ስታንሊ ኮኸን ደግሞ ባዮኬሚስት። ሌቪ-ሞንታልቺኒ የነርቭ ቃጫ ሲያድግ አዩ፤ ኮኸን ፕሮቲኑን አጣርተው አወጡ። አንዳቸው ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበር ባይ ነኝ።

በሽተኛ ፊት ለፊት ማየት ካልሽ ሕክምና፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ነው። መንገዱ ረጅም ነው። በተቆረጠው ነርቭ ጫፎች መካከል ያለው ክፍተት ትልቅ ሲሆን ዛሬም ዋናው መፍትሔ ከራሱ ከታካሚው እግር ነርቭ ወስዶ መትከል ስለሆነ የሐኪሙ ድርሻ ትልቅ ነው። ክፍተቱን የሚያገናኙ ቱቦዎችና ፋክተሩን ቀስ እያሉ የሚለቁ ቁሶች ከሳቡሽ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ አለልሽ። ሒሳብና ኬሚስትሪ ግን ትከልሻለሽ። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ላብ ውስጥ ሴል ማሳደግ ከሁሉም በላይ እንደሚያስደስትሽ ነው። እኔ ብሆን ወደ ሴልና ሞለኪውል ባዮሎጂ ማስተርስ እልክሻለሁ።

እስከዚያው በሴል ካልቸር (ላብ ውስጥ ሴል በማሳደግ) እጅሽን አፍታቺ። የማይክሮስኮፕ ምስል መተንተንና ስታቲስቲክስ ተማሪ፤ ብዙ አመልካች የሚጎድለው እሱ ነው። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ "ነርቭ እወዳለሁ" አትበዪ። አንድ ጥያቄ ጻፊ፤ ለምሳሌ "ከአክሶን ተለይተው ብዙ ወራት የቆዩ የሽዋን ሴሎች ለምን ይደክማሉ?" የሚል። ደግሞ አንድ ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ። በዚህ ዘርፍ ብዙው ሥራ የሚሠራው በአይጦች ላይ ነው፤ የአይጥ እግር ነርቭ መቁረጥና መስፋት የሥራው አካል ነው። ያ የሚከብድሽ ከሆነ ከማመልከትሽ በፊት ሥራቸው በሴል ብቻ የሆነ ላቦችን ለይተሽ ያዢ።