ገጠር ልግባ ወይስ አዳማ መድኃኒት ቤት ልክፈት?

ሰሞኑን እዚህ አዳማ በእንስሳት ሕክምና ሊመረቅ የተቃረበ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ገጠር ገብቼ ምን አገኛለሁ? እዚሁ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ብከፍት አይሻለኝም?» አለኝ። «ገጠር ሂድ» አልኩት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንዲት እናት ትዝ አሉኝ።

ቦሰት ወረዳ ነው፣ ወለንጪቲ አካባቢ። ዝናቡ ቀርቶ መሬቱ ደርቋል። እኚያ እናት በገበያ ቀን አንዲት ፍየል እየጎተቱ የምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ መጡ። ዓይኗም አፍንጫዋም ይፈሳል፣ አፏ ቆስሏል፣ ያስቀምጣታል። ቫይረስ የሚያመጣው «ደስታ መሰል» የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ነው ብለን ጠረጠርን። እጃችን ላይ የነበረው ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው የባክቴሪያ መድኃኒት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ቫይረስ አይገድልም። ያኑ ዕለት ሪፖርት ላክን። ክትባቱ የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ከበላይ የመጣው መልስ «መኪና የለም፣ ጠብቁ» የሚል ነበር። ጠበቅን። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ሲደርስ የሴትየዋ በረት ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«ልጄ፣ አሁን ማንን ልትከትብልኝ መጣህ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። የልጆቹ ወተት ከፍየሎቹ ነበር። እህል ሲያልቅም አንዷን ሸጠው በቆሎ ይገዙ ነበር። በዚያ ዓመት ወተቱም በቆሎውም ቀረ። ዛሬም ይቆጨኛል።

አያቴ ስለ ክፉ ቀን ከእናታቸው የሰሙትን ያወሩልን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታ ነው። በሬ አለቀ፣ የሚያርስ ጠፋ፣ ሕዝብ ተራበ። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። አፋር ውስጥ ሙቀት የሚችል የደስታ በሽታ ክትባት ይዘው በእግር የዞሩት ከአርብቶ አደሩ ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ዲግሪ አልነበራቸውም።

የዛሬ ልጆች ጫማችሁን አቧራ እንዳይነካው በጣም ትሳሳላችሁ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ከእኛ ትሻላላችሁ። የታመመ እንስሳ ፎቶ በቴሌግራም ልካችሁ ወዲያው ምክር ታገኛላችሁ። እኛ ደብዳቤ ስንጠብቅ መንጋ ያልቅ ነበር።

እና ልጄ፣ ሳስበው መድኃኒት ቤቱንም ክፈት። ግን ወለንጪቲ ክፈተው። ገበሬው «ፍየሌን ያስላታል» ሲልህ መርፌ ሸጠህ አትሸኘው። የታመመችውን ከጤነኞቹ ይለያት፣ ገበያም አያውጣት። ክትባት እሷን አያድናትም፤ በሽታው ገና ያልደረሰበትን የጎረቤት መንጋ ግን ያተርፋል። ስለዚህ በዚያው ቀን ለወረዳው ደውል። ስልክ ካላነሱልህ በማግስቱ በአካል ሂድ።