የሰንሰለት መጋዝ ቃታ ያለ መቆለፊያው ሲሳብ፦ ከሞላው ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የመጋዝህን የኋላ እጀታ ለማጽዳት ከፈትህ፣ ሞላው ተፈናጥሮ ወጣ፣ ፈልገህ አግኝተህ መልሰህ ገጠምህ። አሁን ግን የነዳጅ መስጫው ቃታ የላይኛው መቆለፊያ ሳይጫን ይሳባል፤ አንዳንዴም ከተሳበ በኋላ አይመለስም። መጋዙ ስለሚነሳና ስለሚቆርጥ «እንዲሁ ብሠራበት ምን ችግር አለው?» ብለሃል።

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አትሥራበት። መቆለፊያው የተሠራው እጅህ እጀታውን በደንብ ሳይጨብጥ ሰንሰለቱ እንዳይዞር ነው። መጋዙን ከቁጥቋጦ መሃል ስታወጣ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ቃታው ዘንድ ቢገባ፣ ቃታውን ይዞ የሚያስቀረው ያ ቁራጭ ፕላስቲክ ብቻ ነው። በሙሉ ጋዝ ሰንሰለቱ በሰከንድ ወደ 20 ሜትር ይሮጣል፤ እጅ ለመሰብሰብ ጊዜ አይሰጥም። ለደን ሥራ የሚውሉ መጋዞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የደህንነት መስፈርት፣ አይኤስኦ 11681-1፣ መቆለፊያውን የሚጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። መዳፌን ያደክመኛል እያሉ መቆለፊያውን በጎማ አስረው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። መዳፍ የሚያደክም መቆለፊያ ብልሽት አለበት፤ ጤነኛው ሲጫን መኖሩ እንኳ አይታወቅም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ቃታው ከእጀታው ሥር ሆኖ በጣት ይሳባል፤ መቆለፊያው ከላይ ሆኖ በመዳፍ ይጫናል። ከመቆለፊያው ሥር አንድ ጥርስ አለ። መዳፍህ በማይኖርበት ጊዜ ጥርሱ ከቃታው ጀርባ ተደግኖ መንገዱን ይዘጋል፤ ስትጫነው ይሸሻል፣ ቃታውም ይለቀቃል። በብዙ መጋዞች ሁለቱንም የሚመልሳቸው አንድ ሞላ ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ሞላ መሃሉ የተጠቀለለ ነው፤ ሁለት እግሮች አሉት፣ አንዱ መቆለፊያውን ወደ ላይ፣ ሌላው ቃታውን ወደ ታች ይገፋል። ሁለት ሞላ ያላቸውም አሉ። ያንተ ባለ አንድ ሞላ ከሆነ ሁለቱም ምልክቶችህ ከአንድ ምንጭ መምጣታቸው አያስገርምም። መቆለፊያው የማይነሳውና ቃታው የማይመለሰው ሞላው ተገልብጦ ስለገባ ወይም አንዱ እግሩ ከመቀመጫው ስለወጣ ነው። ቃታውና መቆለፊያው ካልተሰነጠቁ፣ የመቆለፊያው ጥርስም ካልተበላ በቀር አዲስ ዕቃ ለመግዛት አትቸኩል።

ከመክፈትህ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ የካንዴላው ገመድ ይነቀል፣ ሰንሰለቱና ላሜራው (ሰንሰለቱ የሚሮጥበት ረጅም ብረት) ይውለቁ። ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

እጀታው እንደ ሞዴሉ ይለያያል። አንዳንዱ ለሁለት የሚከፈል ቅርፊት ነው፤ አንዳንዱ ከላይ ብቻ የሚነሳ ክዳን አለው፤ ሌላው ደግሞ ወጥ ሆኖ ቃታውም መቆለፊያውም ከጎን በሚገቡ ፒኖች ይያዛሉ። የመግጠሙ ቅደም ተከተል ግን በአብዛኛው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ከካርቡራተር (ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ክፍል) የሚመጣው ዘንግ፣ ቀጥሎ ቃታው፣ ከዚያ ሞላው፣ መጨረሻ ላይ መቆለፊያው። ብዙ ሰው ዘንጉን በኋላ አስገባዋለሁ ብሎ ይተወዋል፤ ቃታው በፒን ከተያዘ በኋላ ግን የዘንጉን መንጠቆ ወደ ቀዳዳው ለማስገባት ማጠፍ ግድ ይሆናል። የታጠፈ ዘንግ ደግሞ አጭር ዘንግ ነው፤ ጋዙ ሙሉ አይከፈትም፣ አለዚያም በደንብ አይዘጋም። ዘንጉ በግድግዳው ሲያልፍ የሚያርፍበት የጎማ ቀለበት ካለ እሱም በቦታው ይቀመጥ፤ ከወጣ የእንጨት ብናኝ ወደ ካርቡራተሩ ክፍል ይገባል። የመጋዝህ ነዳጅ መስጫ በዘንግ ፋንታ በገመድ የሚሠራ ከሆነ የገመዱ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ መግባቱን፣ ሽፋኑም በጎድጎዳው መቀመጡን እይ።

ዋናው ሥራ ሞላው ነው። የትኛው እግር ወዴት እንደነበረ ከማስታወስ ይልቅ ፕላስቲኩን ጠይቀው። ባትሪ አብርተህ የእጀታውን ውስጥ፣ የቃታውን ጀርባና የመቆለፊያውን ሆድ በቅርብ ተመልከት። ሞላው ለረጅም ጊዜ ከታሸበት ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን፣ ከሌላው ፕላስቲክ የበለጠ የሚያብለጨልጭ ጭረት ታገኛለህ። አንዱ ጭረት በቃታው ላይ፣ አንዱ በመቆለፊያው ሥር ነው። ሞላውን አስገብተህ እግሮቹ በእነዚያ ጭረቶች ላይ ካረፉ ትክክል ነህ፤ ካላረፉ ገልብጠው። የሞዴሉን ሥዕል ማግኘት ካልቻልክ ከዚህ የተሻለ መሪ የለህም። ጭረቱ እንዳይጠፋ ደግሞ ቆሻሻውን በብሩሽና በሳሙና ውኃ አጥበው እንጂ በካቻቢቴ ጫፍ አትፋቀው።

ፒኑን ስታስገባ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ይጠበቅብሃል፤ ቃታውን፣ የሞላውን ጥቅልና መቆለፊያውን። ሁለት እጅ አይበቃም። መፍትሔው ጊዜያዊ ፒን ነው። ከእውነተኛው ፒን ትንሽ የቀጠነ፣ ርዝመቱ ከቃታው ስፋት የማይበልጥ የምስማር ቁራጭ ቁረጥ፤ ጫፉን በሞረድ አለስልስ። ከእጀታው ውጭ ቃታውንና ሞላውን በእሱ ሰካቸው፤ አንድ አካል ይሆናሉ። ያንን ወደ እጀታው አስገብተህ ቀዳዳዎቹን ካገናኘህ በኋላ እውነተኛውን ፒን ከአንድ ጎን ግፋ፤ እሱ ሲገባ ጊዜያዊውን በሌላው ጎን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሥራውን በትልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እጅህን አስገብተህ ብትሠራው ሞላው ቢፈናጠር እንኳ ሩቅ አይሄድም። ፒኑ ከገባ በኋላ ጫፎቹ ከእጀታው ገጽ መውጣት የለባቸውም። ቀዳዳው ሰፍቶ ፒኑ የሚንሸራተት ከሆነ በንዝረት ወደ ውጭ ይሄዳል፤ በሙጫ ከማጣበቅ እጀታውን መቀየር ይሻላል። ጊዜያዊውን ምስማር ደግሞ ለዘለቄታው እንዳትተወው፤ ለስላሳ ብረት ነው፣ ቶሎ ይበላል።

ክዳኑን ከመዝጋትህ በፊት ሞክረው። መቆለፊያውን ሳትነካ ቃታውን በኃይል ሳብ፤ ትንሽ ልውስ ሊል ይችላል፣ ካርቡራተሩ ላይ ያለው ማንሻ ግን መንቀሳቀስ የለበትም። ለዚህ የአየር ፊልትሮውን አውልቀህ በዓይንህ እየው። ቀጥሎ መቆለፊያውን ተጫንና ቃታውን እስከ መጨረሻው ሳብ፤ ማንሻው መጨረሻው ላይ ካለው ማቆሚያ ጋር መጋጨት አለበት። ጣትህን በዝግታ ሳይሆን በድንገት ልቀቅ፤ ሁለቱም በራሳቸው ይመለሱ። ይህንኑ መጋዙን በጎኑ አጋድመህ፣ ከዚያም ገልብጠህ ድገመው። ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የሚመለስ ቃታ ሲገለበጥ የሚቀር ከሆነ፣ ሲመልሰው የነበረው የራሱ ክብደት እንጂ ሞላው አልነበረም። ክዳኑ አልዘጋም ካለ ደግሞ በብሎን ጎትተህ አታስገድደው፤ ከሥሩ የተቆነጠጠ የሞላ እግር አለ።

«የቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰው) ማንሻም ወደ ታች አይወርድም» ያልከውን በተመለከተ፣ እሱ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ማጥፊያውና ቾኩ በአንድ ማንሻ በሚሠሩ መጋዞች ማንሻውን ወደ ቾክ የምታወርደው መቆለፊያውንና ቃታውን አንድ ላይ ተጭነህ ነው። ቃታው ሲሳብ ከማንሻው ዘንግ ጋር ይያያዝና ጋዙን ከፊል ከፍቶ ይይዛል፤ ሞተሩ ተነስቶ ቃታውን ነካ ስታደርገው ማንሻው ወደ ሥራ ቦታው ይዘላል። ቃታውን ተጭነህም ካልወረደ ግን የማንሻው ዘንግ ከቃታው በተሳሳተ ጎን ገብቷል፤ ማውጣትና እንደገና መግጠም ነው።

ይህ ሁሉ ካለፈ ላሜራውንና ሰንሰለቱን መልስ፣ የካንዴላውን ገመድ ሰካ፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ይዘህ መሬት ላይ አስነሳው። ሲነሳ ወዲያው ቃታውን ነካ አድርገህ ከከፊል ጋዙ አውርደው፤ ፍሬን ተይዞ ጋዝ መስጠት ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። ከዚያ ፍሬኑን ፍታ። ቃታው ሳይነካ ሞተሩ በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,000 ዙር አካባቢ ሲሠራ ሰንሰለቱ መቆም አለበት። የሚዞር ከሆነ መጀመሪያ ዘንጉ ጋዙን ከፍቶ እንዳልያዘው አጣራ። እሱ ደህና ከሆነ ብቻ የሚኒሞውን (ቃታ ሳይነካ የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን) ብሎን በትንሹ አላላ። ሌሎቹን ሁለት የነዳጅ ብሎኖች አትንካ። ሰው በተጣመመ ዘንግ ምክንያት ጉልበት ያጣን መጋዝ በእነዚያ ብሎኖች ለማዳን ይሞክራል፤ ነዳጁን ያሳንሰዋል። ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው ከነዳጁ ጋር በተቀላቀለው ዘይት ነው፤ ነዳጁ ሲያንስ ዘይቱም ያንሳልና ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። የሞላ ችግር እንዲህ ሆኖ የሞተር ችግር ይሆናል።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ቃታው እንዲለሰልስ ብለህ ግራሶ አትቀባ፤ ብናኙ ይለጠፍበትና ከቀድሞው የባሰ ይጠጥራል፣ ደረቁን ተወው። ሌላው፣ የአንዳንድ መጋዞች መቆለፊያ ከሰንሰለቱ ፍሬን ጋር ይያያዛል፤ እጅ ሲለቀቅ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል። ከመቆለፊያው ወደ ፊት የሚሄድ ሌላ ገመድ ወይም ዘንግ ካየህ ሥራውን እዚያው አቁመህ ለባለሙያ ስጠው፤ የፍሬኑ አስተካከል በዓይን ግምት አይሆንም። ካላየህ ደግሞ ሞላውን ሳትጭን አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠህ ፎቶ አንሳና ከሞዴሉ ቁጥር ጋር ላክልን፤ እግሮቹ ተከፍተው ወይም ተጣመው እንደሆነ ከፎቶው ይታያል።