በበጀት የተያዘ ገንዘብ ለምን ይወሰዳል?

ጥያቄ፦ የምኖርባት የአሜሪካ ከተማ አስተዳደር ለአነስተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት የተሰጠውን የፌዴራል ገንዘብ በወቅቱ «ግዴታ ስላልገባበት» እንዳጣው ሰማሁ። ባለሥልጣናቱ ግን ገንዘቡ በበጀት ተይዞ እንደነበር ይናገራሉ። ታዲያ እንዴት ሊወሰድ ቻለ?

መልስ፦ ጥያቄዎ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመውንና የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረውን «ሆም» የተባለ መርሐ ግብር የሚመለከት ይመስላል። በዚህ መርሐ ግብር ገንዘብን በበጀት መያዝ ግዴታ እንደመግባት አይቆጠርም። የከተማው ምክር ቤት በሙሉ ድምፅ ቢያጸድቀው እንኳ፣ ግንባታው በ12 ወራት ውስጥ ሊጀመር ይችላል ተብሎ ለሚታመን፣ ተለይቶ ለታወቀ ፕሮጀክት በሕግ የሚያስገድድ የጽሑፍ ውል እስካልተፈረመ ድረስ ገንዘቡ ባለቤት እንዳላገኘ ይታያል። በውሉ ላይ የተዋዋዮቹ ፊርማ ብቻ ሳይሆን የፈረሙበት ቀንም ሊሰፍር ይገባል።

ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው 24 ወር ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን መሬት እስኪገኝ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እስኪጠናቀቅና ሌሎች አበዳሪዎች እስኪስማሙ ድረስ ጊዜው ሳይታወቅ ይነጉዳል። ከድርሻው ቢያንስ 15 በመቶው የማኅበረሰብ ቤት ልማት ድርጅቶች ለሚሠሯቸው ቤቶች መለየት አለበት፤ በእኔ ግምት ብቁ ድርጅት የሌላት ከተማ በቀላሉ የምትሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ኮንግረስ ከ2017 ወዲህ የ24 ወሩን ገደብ በተደጋጋሚ አግዶታል። ስለዚህ አስተዳደሩን የጠፋው የየትኛው ዓመት ድልድል እንደሆነና ውሉ መቼ እንደተፈረመ በጽሑፍ ይጠይቁ።