የቦረና እንቁራሪት የአዲስ አበባን ክረምት አይጠብቅም

«አራት ኪሎ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በቦረና ቆላ ባሉ ተሳቢዎችና እንቁራሪቶች ላይ መስራት አስቤያለሁ። ፈቃዱን ከየት ልጀምር? መቼስ ልውጣ?» ላልሽው እህቴ፦ እኔም ከዛው ግቢ ነኝ፤ የሰራሁትም ያቤሎ አካባቢ ነው።

አማካሪሽ «ጫካ ብትሄጂ አይሻልም?» ሳይልሽ አይቀርም። እውነት አለው፤ አገራችን ብቻ የሚገኙት እንቁራሪቶች አብዛኞቹ የደጋና የእርጥብ ደን ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም ተሳቢዎች ግምገማም 10,196 ዝርያዎችን አይቶ፣ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጡት ከደን ነዋሪዎቹ 30 ከመቶ፣ ከደረቅ አካባቢዎቹ 14 ከመቶ ያህል ናቸው ብሏል። ይህን ቁጥር ያመጡብሻል። አንቺም መልሺላቸው፦ እንሽላሊት በዓይነት የሚበዛው ደረቅ አገር ነው፤ ፓርክ ሲከለል ግን የሚታሰበው ለአጥቢና ለወፍ ነው።

1. ፕሮፖዛልሽ በጸደቀ ማግስት የትብብር ደብዳቤ አጽፊ። ቀኑን ከዝናቡ ወደኋላ ቁጠሪ። የቦረና ዋናው ዝናብ ጋና ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ትንሹ ሃጋያ ደግሞ ጥቅምትና ህዳር ላይ ይጥላል። እኛ እዚህ ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ እዛ ደረቅ ነው።

2. ደብዳቤው ላይ ግልባጭ ለነማን እንደሆነ በስም ይዘርዘር። እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። ፈቃዱን የጠየቅኩት መሃል ከተማ ካለ አንድ መስሪያ ቤት ነው፣ ስሙ ይቅር። መዝገብ ቤት ያለችው ሴትዮ ደብዳቤዬን ጮክ ብላ ለባልደረባዋ አነበበችለት። «እንቁራሪት» ስትል ቢሮው በሳቅ ሞላ። «ለእንቁራሪትም ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?» ካልተጠየቀማ ልሂድ ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ «ህግ ነው!» ከዛ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ከስብሰባ ሲመለሱ ደግሞ ግልባጭ የለውም ተብሎ ወደ አራት ኪሎ። አስተካክዬ ፊታቸው ስቀርብ ብዕራቸውን አወጡ። «ክረምት ገና ነው፤ ምን አስቸኮለህ?» አሉና ሳይፈርሙ ክዳኑን ገጠሙት። መጋቢት እያለቀ ነበር! ስለ ጋና ባስረዳቸው «ልጅ፣ ልታስተምረኝ ነው?» ሆነ መልሱ።

ሲፈርሙ ዝናቡ አልፏል። የቆላ እንቁራሪት አብዛኛውን ዓመት አፈር ውስጥ ነው። አንዳንዱማ የተገፈፈ ቆዳውን ደራርቦ እንደ ከረጢት ይለብሰዋል፣ እርጥበቱ እንዳያመልጠው። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ወጥቶ ይጮሃል፤ ዝናቡ ባቆረው ውሃ ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ልጆቹም ውሃው ሳይደርቅ እግር ማውጣት አለባቸው። ነገሩ የጥቂት ሌሊት ነው። ካመለጠሽ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ዳር ከውሃ የማይርቁትን ብቻ ቆጥረሽ «የዝርያ ብዛት አነስተኛ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ቆላውን ባዶ የሚያስመስለው እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ነው።

በጀቴ ለጋና ነበር። ለሃጋያ የሄድኩት ከኪሴ አውጥቼ ነው። ግን ሄድኩ፤ መሬቱ ሲጮህም ሰማሁ! የመመረቂያ ጽሑፌ ፈታኝ ፎቶዎቹን እያገላበጡ ጥያቄያቸውን ረስተውት ነበር።

የት ደረስኩ? አዎ፣ 3። የጥናት ቦታሽን ክፍት ግጦሽ ላይም ቁጥቋጦ ውስጥም አድርጊ። የግጦሽ ቃጠሎ ከተከለከለ ወዲህ ቁጥቋጦው ሜዳውን ውጦታል፤ ፀሐይ መሞቅ ለሚፈልግ እንሽላሊት ደግሞ ጥላ መብዛቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ማጥመጃ ባልዲ ስትቀብሪ ታቹን ብሺው፣ ፀሐይ ሳይከር እዪው፤ አለበለዚያ የምትሰበስቢው ሬሳ ነው። ሌሊት ያለ ቦቲና ያለ ግንባር ባትሪ እንዳትወጪ። እፉኝት ሲጠጉት አይሸሽም፣ ሲረግጡት ግን ይነድፋል፤ የመርዝ ማርከሻ ደግሞ በየጤና ጣቢያው አታገኚም።

ለዲኤንኤ ናሙና ወደ ውጭ የመላክ ሀሳብ ካለሽ ከተራው ፈቃድ ጋር አታደባልቂው። እሱ በጄኔቲክ ሀብት አዋጅ፣ በቁጥር 482/1998፣ የሚታይ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የብዝሀ ህይወት ኢንስቲትዩትን ቀድመሽ ጠይቂ።

የደብዳቤውን ፎርማት ከነግልባጩ ኢንቦክስ እልክልሻለሁ። ጥቅምት ላይ ለመውጣት ካሰብሽ ግን ዛሬ ጻፊልኝ።