ስለ ጠፈር ሮልፕሌይ የጠየቃችሁኝ፣ ከነመልሱ

ስለ ሳይፋይ (የሳይንስ ልቦለድ) ሮልፕሌይ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። አመጣችሁ፣ ያውም በገፍ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ ጨፍልቄያቸዋለሁ። ምሳሌዎቼ በብዛት ሰከንድ ላይፍ ከሚባለው የኢንተርኔት ምናባዊ ዓለም ናቸው፤ ብዙ የቆየሁት እዚያ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ከዜሮ ነው የምጀምረው። ሮልፕሌይ ሲባል ጌም መጫወት ነው ወይስ ድራማ መሥራት?

መልስ፦ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አለው። አንድ ገጸ ባሕርይ ትፈጥራለህ። ሌላውም የራሱን ይዞ ይመጣል። ከዚያ በቻት እየተጻጻፋችሁ ታሪኩን አብራችሁ ትሠራላችሁ። ቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም፣ አሸናፊም የለም። እንደ ኢቭ ኦንላይን ባለ የጠፈር ጌም ውስጥ መርከቡንና ፕላኔቱን ድርጅቱ ሠርቶ ያቀርብልሃል። ሰከንድ ላይፍን ሊንደን ላብ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፍተው ግን ግንባታውን ለተጠቃሚዎች ነው የተወው። እዚያ የምታየውን ከሞላ ጎደል የሠሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ገብተህ ብትቆም «ሂድና ይህን አምጣ» የሚልህ የለም። ብዙ አዲስ ሰው ግራ ተጋብቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ሥራ የሚሰጥህ ሌላ ተጫዋች ነው፤ ወይም አንተ ለሌላው ትሰጣለህ።

ጥያቄ፦ ገንዘብ ሳላወጣ መጀመር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ፣ አካውንቱ ነፃ ነው። ሊንደን ዶላር የሚባል የውስጥ ገንዘብ አለ፤ ለብዙ ዓመታት 1 የአሜሪካ ዶላር በ250 ሊንደን ዶላር አካባቢ ሲመነዘር ቆይቷል። ልብሱም፣ መሣሪያውም፣ መርከቡም ይሸጣል። እኔን ከሰማኸኝ፣ የምትጫወትበትን ቦታ ሳትመርጥ ምንም አትግዛ። አንዱ ጣቢያ የሚወደውን ትጥቅ ሌላው በር ላይ ያስወልቅሃል። ደግሞ ብዙ ቡድኖች ለአዲስ አባል የደንብ ልብስ በነፃ ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ደካማ ነው። ገና ስገባ ይንቀራፈፋል።

መልስ፦ መጀመሪያ የእይታ ርቀቱን ቀንሰው። ሪጅን የሚባለው አንድ የመሬት ክፍል 256 በ256 ሜትር ነው። የጣቢያ ኮሪደር ውስጥ ቆመህ 64 ሜትር ከታየህ ምን ጎደለህ? ጥላውን አጥፋ። ከዚያ የአቫታር (ስክሪኑ ላይ የሚታየው አካል) ውስብስብነት የሚለውን ገደብ ዝቅ አድርገው፤ በጌጥ የተጫኑት አቫታሮች ባለ አንድ ቀለም ቅርጽ ሆነው ይታዩሃል፣ ማሽንህም ይተነፍሳል።

ይህም ካልሠራ በጽሑፍ ብቻ የሚካሄዱ ዓለማት አሉ። የዚህ ሁሉ አባት የሆነው መድ የሚባለው ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር ሥዕል የሚባል ነገር አልነበረውም። ልጆቹ የሆኑት መሾች የሚባሉት የጽሑፍ ዓለማት ዛሬም አሉ፣ የትኛውም አሮጌ ኮምፒውተር ይከፍታቸዋል። እውነቱን ለመናገር እዚያ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሥዕል ካለበት ዓለም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ዓይን ላይ የሚደረገው ቪአር መነጽርስ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ቪአርቻት የሚባለው ምናባዊ ዓለም እንኳ ያለ መነጽር ይከፈታል። እዚያ ጨዋታው በአብዛኛው በድምፅ ነው። መናገር ከቀለለህ ወደዚያ፤ መጻፍ ከቀለለህ ወደ ሰከንድ ላይፍ።

ጥያቄ፦ ጥሩ የሮልፕሌይ ቦታ እንዴት ነው የማገኘው? ሦስት የጠፈር ጣቢያ ሄጄ ሦስቱም ባዶ ናቸው።

መልስ፦ ባዶ ያገኘሃቸው በሰዓት ልዩነት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የሰከንድ ላይፍ ሰዓት የአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት ነው፤ የዝግጅት ማስታወቂያ ሁሉ የሚወጣውም በእሱ ነው። አንተ ቁርስ ላይ ስትሆን እነሱ ገና አልተኙ ይሆናል። ስለዚህ ቦታውን ካየህ በኋላ የቡድኑን አባልነት ውሰድና መልእክታቸውን ተከታተል። መቼ እንደሚሰበሰቡ ከዚያ ታያለህ።

የጎብኚ ቁጥርን ብዙ አትመን። ቁጥሩን ለማሳደግ ብቻ የቆሙ ቦቶች (ሰው የማይነዳቸው አቫታሮች) ያሉበት ቦታ አለ። እኔ የማየው ሌላ ነው፦ የሕጉ ወረቀት በቅርቡ ታድሷል ወይ? ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያለው ዝግጅት የዚህ ወር ነው ወይስ የዛሬ ሁለት ዓመት?

ስትገባ መድረሻው ላይ የቦታው ሕግ ያለበት ኖትካርድ የሚባል ጽሑፍ ይሰጥሃል፤ አንብበው። ብዙ ቦታ የተመልካች መለያ የሚባል ከራስህ በላይ የሚታይ ጽሑፍ አለ። እሱን አድርገህ ማንንም ሳትረብሽ መዞር ትችላለህ። ዝም ብለህ ለመስማት ግን ጠጋ ማለት አለብህ። ተራ ቻት የሚደርሰው እስከ 20 ሜትር፣ ሹክሹክታ እስከ 10፣ ጩኸት እስከ 100 ሜትር ነው። ከዚያ ከራቅክ ሰዎቹ ዝም ያሉ ይመስልሃል።

ጥያቄ፦ የጦር መርከብ ካፒቴን መሆን ነው የምፈልገው። የጀርባ ታሪኬን ስምንት ገጽ ጽፌ ጨርሻለሁ። ልላክልህ?

መልስ፦ ኧረ አትላክልኝ፣ ወንድሜ። ለሌላም ሰው አትላክ።

ሁሉም ካፒቴን ሆኖ ነው የሚመጣው። ካፒቴን በሞላበት ጣቢያ ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበል የለም፣ ሞተሩ ሲቆም የሚጠግን የለም። ማዕረግ በአብዛኛው ቡድን ውስጥ በቆይታና በተሳትፎ የሚገኝ ነው፤ መጀመሪያ ቀን ይዘኸው ብትመጣ አይቀበሉህም። ቢቀበሉህም ያንን ወንበር የሞላው ሰው ቅር ይለዋል።

ይልቅ ሰው ወደ አንተ እንዲመጣ የሚያስገድድ ሥራ ምረጥ። መካኒክ፣ ሐኪም፣ አስተርጓሚ፣ የመርከብ ማቆሚያ ተራ አስከባሪ። ሁሉም መርከብ ማቆም አለበት፣ ሁሉም ይቆስላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጣቢያው በሙሉ ያውቅሃል። ካፒቴኑ ግን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ኮከብ ይቆጥራል።

የጀርባ ታሪኩን ደግሞ ወደ ሦስት ዓረፍተ ነገር አውርደው። ገጸ ባሕርይህ ምን ትሠራለች? ምን ቸግሯታል? ምን ደብቃለች? ለምሳሌ፦ «የአየር ማጣሪያ ጠጋኝ ናት። ከጣቢያው የሚያስወጣት መርከብ ትፈልጋለች፣ የምትከፍለው ግን የላትም። ማጣሪያው ውስጥ የሌላ ሰው ዕቃ ቀብራለች።» ይኸው፣ ለወራት ይበቃሃል። የዕቃው ባለቤት ማን እንደሆነ አንተ ራስህ አትወስን፤ አንዱ ተጫዋች መጥቶ «የኔ ነው» እስኪል ጠብቅ። ስምንቱ ገጽ ችግሩ ርዝመቱ አይደለም። ሁሉም ነገር እዚያ አልቋል፣ ለሌላ ሰው የተረፈ ቦታ የለም።

ደግሞ እባክህ፣ ከዘሩ የመጨረሻው የሆነ፣ ትዝታው የጠፋበት ነፍሰ ገዳይ አትሁን። በአንድ ባር ውስጥ አራት «የመጨረሻዎች» ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሳይንስ ላይ እምብዛም ነኝ። ያሳፍረኝ ይሆን?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው። አንዳንዱ ዓለም የጠፈር ጀብዱ ነው፤ መርከቦች በሴኮንድ ከኮከብ ኮከብ ይዘላሉ፣ ማንም ፊዚክስ አይጠይቅሽም። ሌላው ግን ጥብቅ ነው። ስለዚህ ኖትካርዱ ላይ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ ከብርሃን የፈጠነ ጉዞ አለ? ሰው ሠራሽ የስበት ኃይል አለ? ሌላ ፍጡር አለ? እነዚህን ካወቅሽ ግማሹ ስሕተት ይቀራል።

ጥብቅ ቦታ ከገባሽ ጥቂት እውነቶች ያድኑሻል። ባዶ ጠፈር ውስጥ ድምፅ አይሄድም። ያለ ጠፈር ቱታ የወጣ ሰው አይፈነዳም፤ በ15 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ግን ራሱን ይስታል። ከመሬት ማርስ የሬዲዮ መልእክት እንደ ርቀታቸው ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ይህ የመጨረሻው እንደ ችግር ይታያል እንጂ ለታሪክ ወርቅ ነው። ከማርስ ላይ «ምን ላድርግ?» ብላ የጠየቀች መኮንን መልሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊዘገይባት ይችላል። እስከዚያ በሩን ለሚደበድቡት ሰዎች ምን ብላ ትመልስላቸው? እንዲህ ያለውን ትዕይንት ከብርሃን ቀድሞ የሚሄድ ስልክ ያለበት ዓለም አይሰጥሽም።

ያላወቅሽውን ደግሞ ገጸ ባሕርይሽ አትወቀው። ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት ስለ ሬአክተር የማወቅ ግዴታ የለባትም።

ጥያቄ፦ ድርጊት እንዴት ነው የሚጻፈው? ጎድሞዲንግ ነው ብለው ተቆጡኝ።

መልስ፦ ስላሽ አድርገህ «ሚ» የሚለውን በላቲን ፊደል (/me) ከጻፍክ በኋላ ድርጊቱን ጻፍ፤ ስምህ ራሱ ከፊት ይገባል። ይህ ቀላሉ ነው። የተቆጡህ ግን የሌላውን ሰው ዕጣ አንተ ስለወሰንክ ይመስለኛል፤ ጎድሞዲንግ የሚሉት ይህን ነው።

«ቦርሳውን ነጠቀችውና ሮጠች» ብለህ ከጻፍክ ባለቦርሳው ምን ቀረለት? «ቦርሳውን ለመንጠቅ እጇን ሰደደች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው» በል። አሁን እሱ ሊይዛት፣ ሊዘገይ፣ አውቆ ሊተዋትም ይችላል። ሙከራውን አንተ ጻፍ፣ ውጤቱን ለባለቤቱ ተው። ሲመታህም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያመልጥ ሰው ጋር ማንም ሁለተኛ አይጫወትም። እኔ ሽንፈትን አሳምሮ ከሚጽፍ ሰው ጋር መጫወት ከምንም በላይ ደስ ይለኛል።

ርዝመቱ አያስጨንቅህ። ሰው በበዛበት አጭር ጻፍ፤ ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ዘርዘር አድርግ። ተራ መጠበቅ አትርሳ።

ጥያቄ፦ አይሲ፣ ኦኦሲ፣ ሜታጌሚንግ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

መልስ፦ አይሲ ገጸ ባሕርይህ ሲናገር፣ ኦኦሲ አንተ ራስህ ስትናገር ነው። ኦኦሲውን በድርብ ቅንፍ ውስጥ ይጽፉታል። ሜታጌሚንግ አንተ የምታውቀውን ገጸ ባሕርይህ እንዳወቀው አድርጎ መጠቀም ነው። ምናባዊ ዓለም ላይ ይህ ወጥመድ አጠገብህ ነው፤ የሁሉም ሰው ስም ከራሱ በላይ ተንሳፍፎ ይታይሃላ! ስሙን እስኪነግርህ ድረስ ግን ገጸ ባሕርይህ አያውቀውም። ፕሮፋሉ ላይ «ሰላይ» የሚል ካነበብክም እንዳላየ እለፍ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ቀርፋፋ ነው። ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ ማንም አይስቅብሽም። ከየአገሩ ነው የሚመጣው። ከፈለግሽ ገጸ ባሕርይሽን የሩቅ ሰፈራ ልጅ አድርጊያትና የጣቢያውን ቋንቋ ገና እየለመደች ይሁን። ያኔ አጭር ዓረፍተ ነገርሽ የእሷ ጸባይ ይሆናል። በድርብ ቅንፍ «ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው» ካልሽ ደግሞ ይጠብቁሻል።

ጥያቄ፦ ባር ውስጥ ገብቼ ቁጭ እላለሁ፣ ማንም አያናግረኝም።

መልስ፦ «ገብቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ» ብለህ ጽፈህ ከሆነ ምን ይበሉህ? የሚያዝ ነገር ስጣቸው። የሚያንጠባጥብ ሣጥን ይዘህ ግባ። የተሳሳተ ሰው ስም እየጠራህ ፈልግ። የጓንትህ ማሞቂያ ተበላሽቶ እጅህ ይንቀጥቀጥ። አንዱ ካልጠየቀህ ሌላው ይጠይቃል። አንተም ጠይቅ፦ መርከብ የት ነው የሚመዘገበው? የሚል ጥያቄ ስንት ታሪክ ከፍቷል መሰለህ።

ጥያቄ፦ ውጊያስ? ከሞትኩ አለቀ?

መልስ፦ አንዳንዱ ቦታ ጉዳት የሚመዘግብ ቆጣሪ (ሜትር ይሉታል) ያስለብሳል፤ ሌላው ዳይስ ይጥላል፤ ሌላው በስምምነት ብቻ ይጽፋል። ሕጉን እይ። አብዛኛው ቦታ ያለ ፈቃድህ ገጸ ባሕርይህን ለዘለቄታው አይገድልም። ትቆስላለህ፣ ሐኪሟ ጋ ትሄዳለህ፣ እሷም ሥራ አገኘች።

ጥያቄ፦ ከታዋቂ ፊልም ዓለም ልጀምር ወይስ ከአዲስ?

መልስ፦ ታዋቂው ማብራሪያ አይፈልግም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ችግሩ ባለመብት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የ«ዱን» ልቦለድ ባለመብቶች ሰከንድ ላይፍ ውስጥ በዚያ ዓለም ላይ የተገነቡ የሮልፕሌይ ቦታዎች ላይ አቤቱታ አቅርበው ስሙና ዕቃው እንዲነሳ ሆኗል። ሌላው ችግር የሰው ነው፤ ዝርዝሩን ከአንተ በላይ የሚያውቅ አራሚ በየጥጉ አለ። ለጀማሪ እኔ ተጫዋቾቹ ራሳቸው የፈጠሩትን ዓለም እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ መግባት ይችላል?

መልስ፦ ሰከንድ ላይፍ በመሠረቱ የአዋቂዎች ቦታ ነው፣ እርስዎ ቢያውቁት ጥሩ ነው። 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው የሚፈቀድላቸው ጄኔራል የሚል ደረጃ ያለው ሪጅን ብቻ ነው፤ ሞደሬትና አደልት የሚባሉት ዝግ ናቸው። ብዙዎቹ የሳይፋይ ሮልፕሌይ ቦታዎች ደግሞ ሞደሬት ስለሆኑ ምርጫው ይጠብበታል። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ፎቶውን ለማንም እንዳይሰጥ ይንገሩት። ይህ ለአዋቂም ይሠራል።

ጥያቄ፦ የራሴን ጣቢያ መገንባት እፈልጋለሁ። ሙሉ ሪጅን ልከራይ?

መልስ፦ አሁን አይደለም። ሪጅን በየወሩ የሚከፈልበት ነገር ነው፣ የሚያስተዳድረውም ሰው ይፈልጋል። ግንባታ ለመልመድ ሳንድቦክስ የሚባሉ ነፃ ሜዳዎች አሉ። አንድ የሚጠቅምህ ነገር ልንገርህ፦ ሰማዩ እስከ 4,096 ሜትር ከፍታ ድረስ ይገነባበታል። ስለዚህ ጣቢያዎች በብዛት ሰማይ ላይ ተንጠልጥለው ነው ያሉት፤ አንድ ሪጅን ታች ፕላኔት፣ መሃል የመርከብ ማቆሚያ፣ ላይ ጣቢያ ሊኖረው ይችላል። በእነዚህ ውስጥ ያልተያዘ ክፍል ብዙ ጊዜ አይጠፋም። መጀመሪያ አንዱን ጠይቅና የጥገና ሱቅህን እዚያ ክፈት።