የሞተር ጥያቄዎቻችሁ፦ ብልጭታው መቼ ይምጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ1600 ቮልስ ሞተር ለባለአንድ መቀመጫ አውሮፕላን እያዘጋጀሁ ነው፤ ለጊዜው መሬት ላይ ብቻ ነው የማስነሳው። ፕሮፔለሩ በፑሌጃው በኩል ነው የታሰረው። ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) ቫኪዩም የሌለው 009 ሞዴል ነው፤ ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳልሰጠው በዝቅተኛ ዙር) በታይሚንግ መብራት 10 ዲግሪ አድርጌዋለሁ። ሙሉ ቤንዚን ስሰጠው ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይግላል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የባሰው ቁጥር 3 ሲሊንደር ነው። መካኒኩ «የድሬ ሙቀት ነው፣ ትንሽ አስቀድምለት» ይለኛል። ስንት ዲግሪ ላድርገው?
(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አያስቀድሙለት። አሁንም ሳይበዛበት አልቀረም።

ሚኒሞ ላይ የተለካ ታይሚንግ (ብልጭታው የሚመጣበት ጊዜ) ስለ አውሮፕላን ሞተር ብዙም አይነግርዎትም። የ009 ክብደቶች ዙሩ ሲጨምር ወደ ውጭ እየተከፈቱ ብልጭታውን 20 ዲግሪ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስቀድሙታል። እርስዎ ካስገቡት 10 ጋር ሲደመር 30 ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። መለካት ያለበት ከ3,000 ዙር በላይ፣ ክብደቶቹ ሙሉ በሙሉ ከተከፈቱ በኋላ ነው፤ እዚያ ላይ ፒስተኑ ቶፕ (የመጨረሻ ከፍታው) ሳይደርስ 28 ዲግሪ ጣሪያው ነው። በ26 ይጀምሩ። የኪቱ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት የእሱን ይያዙ። ሚኒሞ ላይ 4 ወይም 6 ብቻ ቢያሳይ አይደንግጡ።

መካኒክዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ስስ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ ከፍታ ላይ ያለ ሞተር ትንሽ ቀደም ያለ ብልጭታ ይችላል። ነገር ግን የሚገባው አየር ትኩስ ሲሆን ድብልቁ ያለ ጊዜው እንዲፈነዳ ይገፋዋል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ እንደ 2,200 ሜትር አየር ይሳሳል፤ ከባሕር ጠለል አንጻር አንድ አምስተኛው ጎድሏል ማለት ነው። ይህን ጉልበት ታይሚንግ አይመልሰውም። መኪና ሙሉ ቤንዚን የሚያገኘው ለሰከንዶች ነው፤ ይህ ሞተር ግን ደቂቃዎች ይቆይበታል፣ ፒስተን የሚበሳውም በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ያለ ጊዜው የሚፈነዳውን ድምፅ፣ ማንኳኳቱን ደግሞ በፕሮፔለሩ ጩኸት ውስጥ አይሰሙትም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባትሪውን ይንቀሉ፣ አራቱንም ካንዴላ ያውጡ። የፋብሪካውን ምልክት አይመኑ፤ ፑሌጃው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ሸክላው የወጣለት አሮጌ ካንዴላ ውስጥ ቡሎን አስበይደው ቁጥር 1 ላይ ያጥብቁት። ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው ያዙሩና ፒስተኑ ቡሎኑን ሲነካ ምልክት ያድርጉ፤ ወደ ኋላ አዙረው እንደገና ሲነካ ሌላ ምልክት። በአጭሩ በኩል የሁለቱ መሐል እውነተኛው ቶፕ ነው። ምልክቱን በቮላኖው (በክራንክሻፍቱ ሌላ ጫፍ ባለው ከባድ ጎማ) በኩል እንጂ ፕሮፔለሩ ጋ አያድርጉት። ዲግሪውን በሚሊሜትር ለማግኘት ዲያሜትሩን በ3.14 አባዝተው ለ360 ያካፍሉ፤ ዲያሜትሩ 200 ሚሊሜትር ከሆነ 28 ዲግሪ 49 ሚሊሜትር ይመጣል። ይህ ምልክት ሞተሩ ሲዞር ጠቋሚውን ከቶፕ ቀድሞ ማለፍ አለበት። ሲጨርሱ ቡሎኑን ማውጣት አይርሱ።

ቀጥሎ የፑንቲናው (በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሲከፈት ብልጭታ የሚያመጣው መገናኛ) ክፍተት፣ 0.4 ሚሊሜትር። ከታይሚንጉ በፊት ነው የሚስተካከለው፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ቀድሞ ስለሚከፈት ታይሚንጉም አብሮ ይቀድማል። ባትሪውን መልሰው ያገናኙና የ12 ቮልት አምፖል አንዱን ሽቦ ወደ ፑንቲናው በሚሄደው የቦቢና (የብልጭታውን ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) እግር፣ ሌላውን ማሳ (የሞተሩ ብረት) ላይ ያስሩ። አምፖሉ ሲበራ ብልጭታው መጣ ማለት ነው። ሮተሩ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር የዲስትሪቢዩተሩን አካል በዚያው አቅጣጫ ማዞር ያዘገያል፣ በተቃራኒው ያስቀድማል። የዲስትሪቢዩተር 1 ዲግሪ የክራንክሻፍት 2 ነውና እጅዎ ይቅለል። የካንዴላው ተራ 1-4-3-2 ነው።

የመጨረሻው ማረጋገጫ በመብራት ነው። ጅራቱ ከጠንካራ ምሰሶ ጋር ይታሰር፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይያዙ፣ አንድ ሰው መቀመጫው ላይ ሆኖ እጁ ከማጥፊያው አይለይ። መብራቱን የያዘው ከሞተሩ ኋላ ይሁን። የመብራቱ ብልጭታ ከዙሩ ጋር እኩል ስለሚሄድ የሚዞረው ፕሮፔለር የቆመ ይመስላል፤ እጅ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። በጨለማ ፈጽሞ አይሞክሩት። ዙሩን ከፍ ሲያደርጉ ምልክቱ መሄድ የሚያቆምበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያንብቡ። ፕሮፔለሩ ከ3,000 በታች ከያዘው የሚያነቡት ሙሉው አይደለም፣ አየር ላይ ይጨምራል። ማስተካከያውን ሞተሩን አጥፍተው ነው የሚያደርጉት።

ቁጥር 3ን በተመለከተ፣ ታይሚንግ አራቱንም ያግላል እንጂ አንዱን አይመርጥም። የአየር መምሪያ ላሜራውን፣ ከዚያ የማኒፎልዱን ጋስኬት ይፈትሹ፤ በዚያ አየር ከሳበ ድብልቁ ይሳሳል። በመኪናው ላይ ቁጥር 3 የሚግለው የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚከልልበት ነበር። ለዚህም ሲባል አንዳንድ የፋብሪካ ዲስትሪቢዩተሮች የቁጥር 3ን ብልጭታ ጥቂት ዲግሪ ያዘገያሉ፤ አሮጌ ገዝተው ከቀየሩ አራቱንም አንድ በአንድ ይለኩ። የቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ሙቀት ሲቆይ ከ200፣ ለአጭር ጊዜ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ። ካንዴላው ሸክላ ላይ ጥቃቅን የአሉሚኒየም ነጠብጣብ ካዩ ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል።

አንድ ነገር እንጨምር። ወደፊት ማግኔቶ (ያለ ባትሪ ራሱ ብልጭታ የሚሰጥ) ከገጠሙ ማጥፊያው የሚሠራው በተቃራኒ ነው፦ ቦቢና የሚጠፋው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፣ ማግኔቶ የሚጠፋው ማሳ ሲነካ። ያቺ ሽቦ ከተበጠሰች ቁልፉ ጠፍቶም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል፤ ፕሮፔለሩን ሁልጊዜ እንደበራ ቆጥረው ይንኩት።

ጥያቄ፦ ፔጆ 404 ታክሲ አለኝ። ሐረር ውስጥ ሸጋ ነው፤ ድሬ ወርጄ ስመለስ ግን ደንገጎ ዳገት ላይ ያንኳኳል። ቤንዚኑ ይሆን?
(ከሸዋ በር፣ ሐረር)

መልስ፦ ከቤንዚኑ በፊት ታይሚንጉን ይጠርጥሩ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ በቀዝቃዛና በስስ አየር በጆሮ የተስተካከለ ሞተር ቀድሞም አያንኳኳም። ድሬዳዋ ሲወርድ ሲሊንደሩ የበለጠ አየር ይሞላል፣ አየሩም ትኩስ ነው፤ ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር የበዛው ዲግሪ ይጋለጣል። ከመጽሐፉ ቁጥር በላይ ከሆነ ወደ ቁጥሩ ይመልሱት፤ ሐረር ላይ ትንሽ ቢለግም ይታገሡት። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው ሮተሩን በእጅ ጠምዘዝ አድርገው ይልቀቁት፤ ሞላው ፈጥኖ ካልመለሰው ክብደቶቹ ተጣብቀዋል፣ ያጽዱና አንድ ጠብታ ዘይት ያድርጉባቸው። ከጠብታ በላይ ከሆነ ፑንቲናው ላይ ይረጫል።

ጥያቄ፦ የባጃጄን ታይሚንግ ማን ያስተካክልልኛል?
(ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሲዲአይ (ፑንቲና የሌለው ኤሌክትሮኒክ ብልጭታ) ያለው ባለ አራት ስትሮክ ከሆነ የሚስተካከል ነገር የለውም። ድንገት ወደ ኋላ እየመታ የሚያስቸግር ከሆነ ማግኔቱን ከክራንክሻፍቱ ጋር የምትይዘው ትንሿ ቁልፍ ተቆርጣ ይሆናል፤ ማግኔቱን ያስነቅሉና ያሳዩ።